የያንክተኑ ካርድ

ላቮን ዱሴክ በኮርሊስ ኮሌጅ የሴቶች ሶፍትቦል ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆና ሃያ ስምንት ዓመት ሠርታ የሊጉን ዋንጫ አንድም ቀን አልወሰደችም። እሷ ይህን አትደብቅም፤ ልደብቅ ብትልም አይሆንላትም። የሜዳው አጥር ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከላይ «ሻምፒዮን የሆንባቸው ዓመታት» ይላል፣ ከሥሩ ባዶ ነው። ኮሌጁ ለየስፖርቱ አንድ አንድ ሰሌዳ ሲያሠራ ለቅርጫት ኳስ ስድስት ዓመት ተጻፈለት፣ ለሩጫ ዐሥራ አንድ። ቀለም ቀቢው መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ሶፍትቦሉ ሜዳ መጣና ምን ልጻፍ አለ፤ ምንም ሲሉት መሰላሉን ተሸክሞ ተመለሰ። ሁለተኛ ግን ሰባት ጊዜ ወጥታለች። ሁለተኛ የሚጻፍበት ሰሌዳ የለም።

ሥራውን ስትጀምር ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር። የቅጥር ደብዳቤው «አሠልጣኝ» ይበል እንጂ አውቶቡሱን የምትነዳው እሷ፣ ማልያ የምታጥበው እሷ፣ የካቲት ላይ በረዶውን በአካፋ የምትዝቀው እሷ፣ ጠዋት ጠዋት ጤና አጠባበቅ የምታስተምረው እሷ ነበረች። መጋቢት ላይ የነብራስካ ነፋስ ከተነሣ ወደ ሰማይ የተመታች ኳስ የት እንደምትወርድ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። በዚያ ነፋስ ውስጥ ቆማ ስትጮህ ድምፅዋ ሻከረና ስልክ ስታነሣ የማያውቋት ሰዎች «አቤት ጌታዬ» ይሏት ጀመር። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያገባሽው እኔን ነው ወይስ ሜዳውን ብሎ አንድ ቀን ጠይቋት ነበር። ጥቂት አሰበችበት ይባላል።

ላቮን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ከልቧ የምታምነው ግን በመምቻ ተራ ካርድ ነው። ጨዋታ ሳይጀመር አሠልጣኙ ኳሱን በዱላ የሚመቱትን ዘጠኝ ልጆች በየተራቸው ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል፤ ቅጂው ለተቃራኒው ቡድን ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ሕጉ ካርዱ ነው። አንዲት ልጅ ያለ ተራዋ ዱላ ይዛ ከገባች ዳኛው ዓይኑ እያየ ትንፍሽ አይልም፤ መናገር ያለበት ተቃራኒው ቡድን ነው። ልጅቷ ገና እየመታች ሳለ ከተናገሩ ባለተራዋ ትተካለች፣ ማንም አይጎዳም። መትታ እስክትጨርስ ዝም ብለው ቆይተው፣ የሚቀጥለው ኳስ ሳይወረወር ከተናገሩ ግን ምቱም ያስገኘው ነጥብም ይሰረዛል፤ ባለተራዋም ተቃጠለች ትባላለች፤ ሦስት ሲቃጠሉ የቡድኑ ተራ ያበቃል። ስለዚህ ጥበቡ አፍን መያዝ ነው። ላቮን አዲስ ልጆች ሲመጡላት በመጀመሪያው ቀን ኳስ አታስይዛቸውም፤ ይህንን ነው የምታስተምራቸው። ዝም አይነቅዝም ትላቸዋለች። እሷ ራሷ በሃያ ስምንት ዓመት አንድ ካርድ ተሳስታ አታውቅም ይባላል። ይባላል ነው ያልኩት።

አሁን ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ጡረታዋን ጠይቃለች፣ ተፈቅዶላታል፣ ኮሌጁም ደስ ያለው እንዳይመስልበት ሁለት ቀን ጠብቆ ነው የፈቀደላት። የቀራት አንድ ጨዋታ ነው፤ የሊጉ ፍጻሜ፣ ከሃርመን ኮሌጅ ጋር፣ በሃርመን ሜዳ። ካሸነፈች ዋንጫው የእሷ ነው። ከተሸነፈች ስምንተኛ ጊዜ ሁለተኛ ሆና ቤቷ ትገባለች። የሃርመን አሠልጣኝ ደግሞ ጃኔል ፍሪትስ ናት፤ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት ለላቮን ኳስ ተቀባይና አምበል ሆና የተጫወተች፣ አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላት።

የጃኔልም ነገር እንዲሁ በቋፍ ነበር። ሁለት ዓመት በተከታታይ በመሸነፏ ሚስተር ክሌይ የሚባለው የሃርመን የስፖርት ክፍል ኃላፊ ዘንድሮ ዋንጫ ካላየሁ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብሏታል። ላቮን ይህን የሰማችው ከራሷ ከጃኔል ነው። ጃኔል በየዓመቱ ገና ሲደርስ ትደውልላታለች። ስለ ወርዋሪዎች ያወራሉ፣ ስለ ነፋሱ ያወራሉ፣ ከዚያ ጃኔል ዝም ትላለች፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ስልኩን ይዛ ዝም ትላለች። ላቮን ያኔ ምድጃ ላይ የጣደችው ነገር ትዝ ይላታል።

በፍጻሜው ቀን ላቮንን ሊሸኙ የቀድሞ ልጆቿ መጥተው ነበር። የዛሬ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ቡድን ነበር በብዛት የመጣው፤ ዐሥራ አንድ ሴቶች፣ ያኔ ልካቸው የነበረውን ማልያ እንደምንም ለብሰው፣ አንዳንዶቹ ሕፃን ታቅፈው፣ «እናመሰግናለን ኮች» የሚል ትልቅ ኬክ ይዘው ከሦስተኛው ቤዝ፣ ከሦስተኛው የሯጮች ማረፊያ፣ ጀርባ ያለው መቀመጫ ላይ ተደረደሩ። አለቃቸው ክሪስታ ናት፤ ያኔም አለቃ ሳትሆን አለቃ ነበረች። ከጃኔል ጋር አንዳቸውም ሰላም አልተባባሉም። ጃኔልም ከሩቅ አየቻቸውና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ጨዋታው ተጀመረ። በሦስተኛው ዙር የሃርመን ሃያ አራት ቁጥር፣ ፔይተን የምትባል ትከሻ ሰፊ ልጅ፣ ዱላዋን ይዛ ገባች። ላቮን እንደ ልማዷ ቅጂውን ካርድ ከኪሷ አውጥታ አየች። በካርዱ ላይ ስምንተኛ መቺ ዐሥራ አንድ ቁጥር ብሪን ናት፤ ፔይተን ዘጠነኛ ናት። ሜዳው ላይ ያለችው ግን ፔይተን ነች፤ ብሪን ዱላዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ተራ ትጠብቃለች። ላቮን ካርዱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ፔይተን መታች፣ ኳሷ በአየር ላይ ተያዘችና ተቃጠለች፤ ብሪንም ተከተለቻት። ነገሩ አለፈ።

ከጎኗ የተቀመጠው ሜርል ነው፤ በቆሎ ሲያመርት ኖሮ ጡረታ ከወጣ በኋላ ውጤት መዝጋቢና ረዳት የሆነላት የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ። የሱፍ ፍሬ ሲፈለፍል ነው የሚውለው።

«ላቮን» አላት መዝገቡ ላይ እንዳቀረቀረ፣ «ይቺ ሃያ አራት ቁጥር...»

«አይቻለሁ።»

«እና?»

«ዝም በል።»

ሜርል የሱፉን ልጣጭ ተፍቶ ወደ መዝገቡ ተመለሰ።

ላቮን የሆነውን ነገር ጃኔል እንደነገረቻት ያህል ታውቀዋለች። ጃኔል ማታ አንድ ካርድ ጽፋለች። ጠዋት ሐሳቧን ቀይራ ሌላ ጽፋለች። ሁለቱንም ቀኝ የኋላ ኪሷ ከታ ሜዳ መጥታለች፤ ካርድ ቀኝ የኋላ ኪስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው ብላ ያስተማረቻት ላቮን ናት። ለዳኛው የሰጠችው አሮጌውን ነው፤ ለልጆቿ ያነበበችላቸው አዲሱን ነው። ላቮን ይህን የምታውቀው ጎበዝ ስለሆነች አይደለም። ራሷም በዚያው ኪስ፣ በዚያው መንገድ ስለተሳሳተች ነው።

ያንክተን የምትባል ከተማ ላይ ነው፣ የዛሬ ዐሥራ ስምንት ዓመት። የግማሽ ፍጻሜው ዕለት ጠዋት ሁለት መቺዎች አቀያይራ አዲስ ካርድ ጻፈች፤ አሮጌውን ልትቀድ ስትል ስልክ ጮኸ። ለዳኛው አሮጌውን ሰጠች። አዲሱን ለአምበሏ ለጃኔል ሰጥታ ተጫዋቾቹ የሚያርፉበት ዳስ ግድግዳ ላይ እንድትገለብጠው አዘዘቻት። በአምስተኛው ዙር የተቃራኒው አሠልጣኝ ምንም ሳይቸኩል ወደ ዳኛው ሄደ፤ ሁለት ነጥብ ተሰረዘ፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። ላቮን አውቶቡሱን እየነዳች ዐሥራ ስምንት ልጆች ከኋላዋ ጭጭ ብለው ተቀምጠዋል። ክሪስታ ማን ነው ያሳሳተው ብላ ጠየቀች። ላቮን መሪውን እንደያዘች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ጃኔል ስትገለብጥ ተሳስታለች አለች። ጃኔል ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበረች። አንድ ቃል አልወጣትም።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ጃኔልን አኮረፏት። ኩርፊያው አንድ ሳምንት ይቆያል ብላ ላቮን አስባ ነበር፤ ጃኔል እስክትመረቅ ቆየ፣ ከተመረቀችም በኋላ ቆየ። ላቮን ነገ እነግራቸዋለሁ እያለች አንድ ወቅት አለፈ፤ ቀጥሎ ነገሩ አርጅቷል አለች፤ ቀጥሎ ደግሞ ካርድ ተሳስታ የማታውቅ አሠልጣኝ ናት የሚለው ወሬ በየከተማው ሄደና ማን ይመልሰው። ጃኔል ሥራ በፈለገች ቁጥር ግን ለማንም ያልጻፈችውን የሁለት ገጽ ምስክርነት ትጽፍላታለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ፤ ላቮን ወግታም አልረሳችም። ሌሎች ሰዎች እንዴት እንደሚረሱ ይገርማታል።

በአምስተኛው ዙር ፔይተን እንደገና ያለ ተራዋ ገባች፤ አራት መጥፎ ኳስ ተወርውሮላት በነጻ አንደኛ ቤዝ ሄደች። ሜርል ቀና ብሎ ላቮንን አያት። ላቮን አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ለአንድ ቤዝ ብሎ ይህን ነገር ማውጣት ለእራት የተቀመጠን በግ ለቁርስ ማረድ ነው። ከመቺዋ መቆሚያ ጀርባ የቆመው ዳኛ ጂን፣ ሠላሳ ዓመት የዳኘ ሰው፣ እሱም ካርዱን አይቶ ኖሮ ሰማዩን ይመለከት ጀመር። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

ሰባተኛውና የመጨረሻው ዙር መጣ። ኮርሊስ ሦስት ለሁለት ይመራል፤ የሚመታው ሃርመን ነው። ሁለት ልጆች ተቃጥለዋል፤ ሁለት ልጆች ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ ላይ ቆመዋል። አንዲት ደህና ምት ሁለቱን ታስገባለች፣ ሃርመን ዋንጫውን ይወስዳል። ፔይተን ዱላዋን እያወዛወዘች መጣች።

ላቮን ዳሱ ደጃፍ ላይ ቆመች። የምታስበው ነገር ቀላል ነበር፤ ከባድ የሆነውም ቀላል በመሆኑ ነው። አሁን፣ ልጅቷ ገና ሳትመታ፣ «ጂን፣ ተራዋ አይደለም» ብትል ብሪን ትገባለች፤ ብሪን ትመታለች ወይ ትቃጠላለች፤ ጨዋታው ጨዋታ ይሆናል፤ ጃኔልም በካርዷ አትዋረድም። ዝም ካለች ግን ጨዋታ የለም። ፔይተን ብትቃጠል ዋንጫው የላቮን ነው። ብትመታም ምቱ ይሰረዝና ዋንጫው የላቮን ነው። በሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለ የተቆረጠለት ነገር እጇ ገብቶ አያውቅም። ሚስተር ክሌይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመረቡ ጀርባ ተቀምጧል። ጃኔል ከሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ቆማ ልጆቿን በእጇ ምልክት ታዝዛለች፤ ምልክቶቹ የላቮን ናቸው። ጆሮን መንካት፣ ቀበቶን መንካት፣ ማጨብጨብ።

የኮርሊስ ወርዋሪ ታሪን ሾልዝ ናት፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። ቀኑን ሙሉ ወርውራ ክንዷ ዝሏል። ከመወርወሪያው ክብ ውስጥ ሆና ወደ ላቮን አየች፤ ሊያስወጡኝ ነው ወይ ለማለት ነው። ላቮን ቀጥይ አለቻት በእጇ።

ዝም አለች።

ታሪን ሰባት ኳስ ወረወረች። እያንዳንዷን ስትለቅ ከአንጀቷ እያቃሰተች ነበር። ፔይተንም ሦስቱን ከመስመር ውጪ ወደ ጎን እየቆረጠች ነፍሷን ይዛ ቆየች። ሁለቱም የሚችሉትን ሁሉ ያደርጉ ነበር፤ የሁለቱም ልፋት ከንቱ መሆኑን የሚያውቁት ሜዳው ላይ ሦስት አዛውንቶች ብቻ ነበሩ፤ ላቮን፣ ሜርልና ጂን። ስምንተኛዋን ኳስ ፔይተን በመሃልና በቀኝ መካከል ላከቻት። ሁለቱም ልጆች ሮጠው ገቡ። የሃርመን ልጆች ከዳሳቸው ፈንቅለው ወጥተው አፈሩ ላይ ተደራርበው ወደቁ፤ ሕዝቡ ቆመ፤ ሚስተር ክሌይ ኮፍያውን ወረወረ። ታሪን ክቧ ውስጥ ቁጭ ብላ ፊቷን በጓንቷ ሸፈነች።

ላቮን እጇን ቀኝ የኋላ ኪሷ ከትታ ወደ ጂን ሄደች። አልቸኮለችም። ጃኔል እየዘለለች ሳለ ያን አካሄድ አየችውና እግሮቿ መሬት ያዙ። ወደ ኪሷ እጇን ሰደደች።

ጂን ካርዱን ካየ በኋላ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መጥረግ አላስፈለገውም ነበር። ከዚያ ባለተራዋ ዐሥራ አንድ ቁጥር ናት፣ ተቃጥላለች፣ ሁለቱም ነጥብ ተሰርዟል፣ ሦስት ለሁለት፣ ጨዋታው አልቋል ብሎ አወጀ። ሕዝቡ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ላቮንን ሰደባት። አንዲት የላቮን እኩያ ሴትዮ በአጥሩ በኩል ተንጠልጥላ እርስዎ ግን አያፍሩም ወይ አለቻት። የኮርሊስ ልጆች መደሰት ይገባቸው እንደሆነ ተጠራጥረው እርስ በርስ ተያዩ።

ታሪን አፈሯን ሳታራግፍ መጣች።

«ኮች፣ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሦስተኛው ዙር።»

ታሪን የቀኝ እጇን ዘርግታ ጣቶቿን አየቻቸው። መሃል ጣቷ ደምቷል። «ታዲያ እኔ እዚያ ቆሜ ምን ስሠራ ነበር?» አለች።

ላቮን የደማውን ጣት አየችው። በዚያው ጃኔል ሁለት ካርድ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጂን መጣች። ላቮን ከዚያ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማለች። ጃኔል አልተከራከረችም። ፊቷ ነጭ ሆኗል። ወደ ልጆቿ ዞረችና መቀመጫው ላይ ያሉት፣ ሚስተር ክሌይም ጭምር፣ በሚሰሙት ድምፅ ተናገረች።

«ዳኛው ትክክል ነው። ካርዱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከእናንተ አንዳችሁም አላጠፋችሁም።»

ከዚያ አፈር ላይ ተቀምጣ የምታለቅሰውን ፔይተንን አነሣቻት፤ የልጅቷን የራስ ቁር አውልቃ፣ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ያንኑ ነገር ቀስ ብላ ደገመችላት። አንቺ መትተሻል፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አለቻት። ብሪንንም ጠርታ ነገረቻት። ሚስተር ክሌይ ኮፍያውን ከወደቀበት አንሥቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ላቮን ያን ዓረፍተ ነገር ከቆመችበት ሰማችው። ለዚህች ልጅ ኳስ መቀበልን አስተምራታለች፣ መጠበቅን አስተምራታለች፣ ካርድ የት ኪስ እንደሚገባ ሳይቀር አስተምራታለች። ይህንን ግን አላስተማረቻትም። ስለማታውቀው።

ሁለቱ ቡድኖች እንደ ደንቡ ተሰልፈው እጅ ለእጅ እየተማቱ ተላለፉ። አሠልጣኞቹ መጨረሻ ላይ ተገናኙ። ላቮን የምትለውን አዘጋጅታ ነበር፤ ደህና ተጫወታችሁ ልትል ነበር።

«የያንክተኑ ካርድ የእኔ ጥፋት ነበር» አለች።

«አውቃለሁ፣ ኮች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ያኔውኑ። እርስዎ የሰጡኝ ወረቀት እኮ እጄ ላይ ነበር። ግድግዳው ላይ የጻፍኩት እሱኑ ነው።»

 «ታዲያ አውቶቡሱ ውስጥ ለምን አልተናገርሽም?»

ጃኔል አሰበችበት። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ለላቮን ይቀላት ነበር።

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለች። ከዚያ ልጆቿ ስለሚጠብቋት ሄደች።

ዋንጫው ተሰጠ። ሽልማት የሰጡት ሰውዬ ስሟን ላቨርን ብለው ጠሯት፤ አላረመቻቸውም። ፎቶ ተነሡ። የኮርሊስ ልጆች መጨረሻ ላይ መደሰት ጀመሩ፤ ወጣት ናቸው፣ ዋንጫም ዋንጫ ነው። ታሪን ግን ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ አውቶቡሱ ውስጥ ቀድማ ገባች። ላቮን ዋንጫውን በብብቷ ይዛ ከሦስተኛው ቤዝ ጀርባ ወዳሉት ወደ ቀድሞ ልጆቿ ወጣች። ሊያቅፏት ተነሡ። ቁጭ በሉ አለቻቸው። የአሠልጣኝ ድምፅ ስለሆነ ሁሉም፣ ሕፃን የያዙትም ጭምር፣ ቁጭ አሉ።

ነገሩን ስትነግራቸው አላሳመረችውም። ያንክተን ላይ ለዳኛው አሮጌውን ካርድ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ጃኔል የጻፈችው ልክ ነበር፣ አውቶቡሱ ውስጥ የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ አለች። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። ዐሥራ ስምንት ዓመት ያዘገየችው ነገር ግማሽ ደቂቃ እንደማይፈጅ ስታውቅ በራሷ አፈረች።

 አንዱ ሕፃን ኬኩ ላይ እጁን ሰደደ፣ እናቱ አላየችውም። መጀመሪያ የተናገረችው ክሪስታ ናት።

«ኮች» አለች፣ «አራት ዓመት አንድ ክፍል ነው የተኛነው። ሠርጌ ላይ አልጠራኋትም።»

ላቮን አውቃለሁ አለች። ሠርጉ ላይ ነበረች፤ የክብር ወንበር ላይ ነበር ያስቀመጧት።

ታች ሜዳው ባዶ ሆኖ ነበር። የሃርመን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሄደዋል። ጃኔል ብቻዋን መጥረጊያ ይዛ የወርዋሪውን ክብ ታስተካክላለች፤ ሰው ይሸነፍም ያሸንፍም ሜዳው ለነገ መደልደል አለበት። ክሪስታ ተነሣች። ሕፃኗን ለጎረቤቷ ልትሰጥ ስትል ጎረቤቷም ተነሥታለች፤ ስለዚህ ሕፃኑን ከላቮን ጋር የወጣው ሜርል ተቀበለ፤ ሌሎቹ የያዙትን ሕፃን አዘሉ። ዐሥራ አንዱም በዚያ በጠበበ ማልያ በደረጃው ወርደው በአጥሩ በር ገቡ።

ላቮን ከላይ ሆና ታያለች እንጂ የሚሉት አይሰማትም። ክሪስታ ፊት ለፊቷ ቆማ ለረጅም ጊዜ ተናገረች፤ ጃኔል መጥረጊያው ላይ ተደግፋ ሰማቻት። ክሪስታ ስትጨርስ ጃኔል ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደችና አንድ እቅፍ መጥረጊያ ይዛ መጣች። አደለቻቸው። ከሁለተኛው ቤዝ ጀምረው፣ ድሮ ላቮን እንዳሠለፈቻቸው ጎን ለጎን ሆነው፣ አፈሩን ወደ ውስጥ እየሳቡ መጡ። መሃል ላይ አንዷ አንድ ነገር ተናገረችና ጃኔል ሳቀች።

ላቮን ዋንጫውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ነይ ያላት የለም፤ እሷም ትክክል ነው አለች። ከፋት፤ ደስም አላት፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ አልሞከረችም። ሜርል ሕፃኑን ታቅፎ አጠገቧ ቁጭ አለና ኬኩን ልክደነው ወይ፣ ዝንብ ሊወርረው ነው አላት።

«ክደነው» አለች። «ሲጨርሱ ራሳቸው ይቆርሱታል።»